ልጅ ለማግኘት ወደ ሐኪም ስንሄድ

(የማኅበሩን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በተጠራው የአባላት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የተደረገ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ የማቀርብ መስሎት ነበር። እኔም እንደዚያው ላደርግ አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህ ማኅበር ሲቋቋም እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ሦስት ወራችን ነበር፤ ማኅበሩ 10 ዓመት ሲሞላው ትዳራችንም 10 ዓመት ሞላው። በእነዚህ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የእናንተን ልጆች ፊደል አስቆጥሬአለሁ፤ የራሴን ልጅ ግን አላስቆጠርኩም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

በክርስትናው፣ በልደቱ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት «ምነው ዘገያችሁ?» ትሉናላችሁ። «ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ» ብላችሁ ስትመርቁን አሜን እንላለን፤ ምርቃቱ ደስ ይለናል። የሚከብደው ጥያቄው ነው። ቤታችን ገብተን፣ ካፖርታችንን እንኳ ሳናወልቅ ዝም ብለን የተቀመጥንባቸው ምሽቶች አሉ።

አምስት ዓመት ያህል ጠበቅን። አገር ቤት ስሄድ እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ስለትም ተሳለች። ይህን አልነቅፍም፤ ስለቱም እንደተሳለ ነው። የምነቅፈው ጠበሉንና ሐኪሙን እንደ ባላንጣ አይተን፣ አንዱን እስክንጨርስ ሌላውን ማቆየታችንን ነው። በዚህ አገር መመሪያ መሠረት ባልና ሚስት 1 ዓመት ሙሉ ሞክረው ካልተሳካ ወደ ጂ.ፒ. መሄድ ይገባቸዋል፤ ሴቷ 36 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ ዓመቱም እስኪሞላ መጠበቅ የለባትም። እኛ የሄድነው በ6ኛው ዓመት ነው።

«ሄድን» ስል መጀመሪያ የሄድኩት ብቻዬን ነበር። ሐኪሟ ገና ከመቀመጤ «ባልሽስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ናይስ የሚባለው የሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት እንደሚለው ከ100 ችግሩ ካለባቸው ባልና ሚስት በ30ዎቹ ያህል ምክንያቱ በወንዱ በኩል ይገኛል፤ በ40ዎቹ ያህል በሁለቱም ላይ አንድ ነገር ይገኛል፤ በ25ዎቹ ደግሞ ቢመረመሩም ምክንያቱ አይታወቅም (ምክንያቶቹ ስለሚደራረቡ ቁጥሮቹን አትደምሯቸው)። እኛ ዘንድ ግን መካን የምትባለው ሁልጊዜ ሴቷ ናት። ባለቤቴም «እኔ ምን ሆኜ?» እያለ ሁለት ዓመት ፈጀ። ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ እዚያ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወንድሞቼ፣ የእናንተ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ዘሩን በትንሽ ዕቃ አድርጎ መስጠት ብቻ ነው። ለሴቷ የደም ምርመራ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ የማኅፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን ለማየት ፈሳሽ ተጨምሮ የሚነሣ ራጅ አለ፤ ይኸኛው እኔን አሞኛል።

ውጤቱ መጣ። ጉድለቱ ከማንኛችን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም። አፍሬ አይደለም፤ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ለአንዳችን ስታዝኑ፣ ግማሾቻችሁ ሌላችንን ትወቅሳላችሁ። እኛ ቤት ውስጥ ወቃሽ የለም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህን ሕክምና በዚህ አገር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ጥቁር ታካሚዎች ሕክምናውን የሚጀምሩት በአማካይ በ36 ዓመት ከ5 ወር ግድም ሲሆን፣ የታካሚዎች ሁሉ አማካይ ግን 34 ዓመት ተኩል ያህል መሆኑን ገልጿል። ከጥቁር ታካሚዎች 31 በመቶዎቹ የቱቦ ችግር ነበረባቸው፤ በጠቅላላው ግን 18 በመቶ ነው። ቱቦ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በወቅቱ ባልታከመ ኢንፌክሽን ነው፤ የአባላዘር በሽታ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ሊቆይ ይችላል፤ አገር ቤት የምናውቀው የሳንባ ነቀርሳም አንዳንዴ ወደዚያ ይወርዳል። ዕድሜ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አይምርም። ከ35 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች ወደ ማኅፀን ከሚገቡት ፅንሶች ከሦስት አንዱ ያህል ለልጅ ይበቃል፤ በ43 እና በ44 ዓመት ከ20 አንዱ ያህል ብቻ ነው። እኔ 37 ዓመቴ ነው። እነዚያን የጠበቅንባቸውን ዓመታት ሳስባቸው ያንገበግቡኛል።

ሕክምናው አይ.ቪ.ኤፍ. ይባላል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ኦልድሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978 ነው። ሴቷ ብዙ እንቁላል እንዲበስልላት አሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቹ በማደንዘዣ ወይም በማስተኛ መድኃኒት ይወሰዳሉ፤ በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ፅንስ ወደ ማኅፀኗ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። «የሌላ ሰው ዘር ይቀላቅሉባችኋል» ብሎ የሚያስፈራራ አይጠፋም፤ ያለ ሁለታችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ይህን ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለ ገንዘቡ፦ መመሪያው ከ40 ዓመት በታች ለሆነች ሴት 3 ሙሉ ዙር በኤን.ኤች.ኤስ. እንዲሰጥ ይመክራል፤ ነገር ግን የሚወስነው በየአካባቢው ያለው ገንዘብ መዳቢ ስለሆነ አንድ ዙር ብቻ የሚሰጥበት ብዙ ቦታ አለ። በብዙ አካባቢ ከሁለት አንዳቸው ቀደም ብሎ ልጅ ካላቸው አይፈቀድም፤ ልጁ አገር ቤት ቢሆንም ያው ነው። በቪዛ ገብተው የጤና ክፍያውን የከፈሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ይህንን ሕክምና በነፃ አያገኙም፤ ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ግን እንደ ሌላው ነዋሪ ይጠይቃሉ። በግል ከሆነ አንዱ ዙር 5,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንግሊዝኛው ለሚቸግራችሁ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣችኋል፤ የባላችሁን እህት ይዛችሁ አትሂዱ። አገር ቤት እህት ያላችሁ ደግሞ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል መክፈቱን ንገሯት።

እኛ የምንጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣችን ውስጥ ከንጥር ቅቤው ጎን ተቀምጧል። መርፌውን የሚወጋኝ ባለቤቴ ነው፤ ነርሷ በብርቱካን ላይ አለማምዳዋለች። ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ በሚመጡት ሳምንታት «ምን ደረሰ?» ብላችሁ አትደውሉልን። ሲሆን እኛው እንነግራችኋለን፤ ካልሆነም ስንችል እንነግራችኋለን።

በግል ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ከቡናው በኋላ ወጥ ቤት በኩል አለሁ። ወንዶች ባለቤቴን ጠይቁት፤ አይቆጣም። የቅዳሜው የፊደል ትምህርት እንደተለመደው በ10 ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ልጆቹን አታስቀሩብኝ።