የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችና የጠባቂያቸው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1928 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ወደሚገኘው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት አንድ የጭነት መኪና የተሰባበረ የነሐስ መሣሪያ ይዞ መጣ። ይህ መሣሪያ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እጅ የቆየ፣ በቃጠሎ የተጎዳ አሻንጉሊት ነበር። ቤተሰቡ የሠራው ሜልዜል የተባለ ሰው እንደሆነ ያምን ነበር። የተቋሙ ባለሙያ ክፍሎቹን እየገጣጠመ ከጠገነው በኋላ ሞላው ጠብቆ ሲለቀቅ አሻንጉሊቱ እጁን አንቀሳቀሰ፤ አራት ሥዕሎችን ሣለ፤ ሦስት ግጥሞችንም ጻፈ። በመጨረሻው ግጥም ዳር ላይ ግን ጸሐፊው የማያርዴ አሻንጉሊት መሆኑን በፈረንሳይኛ አሰፈረ። ሠሪው እ.ኤ.አ. በ1800 ዓ.ም. ገደማ በለንደን ይሠራ የነበረው የስዊዝ ተወላጅ ሄንሪ ማያርዴ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ሰዎች የረሱትን ስም አሻንጉሊቱ ይዞት ኖረ።

ይህ ተአምር አይደለም። በአሻንጉሊቱ ሥር ጠርዛቸው ወጣ ገባ ሆኖ የተቀረጸ የነሐስ ክቦች ተደርድረዋል። ክቦቹ በሞላ ኃይል ሲዞሩ የብረት ጣቶች ጠርዛቸውን እየተከተሉ ይወጣሉ፤ ይወርዳሉም። እንቅስቃሴውም በዘንግ በኩል ወደ እጁ ተላልፎ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይመራዋል። እንግዲህ ጽሑፉ የተቀመጠው በወረቀት ላይ ሳይሆን በነሐሱ ጠርዝ ላይ ነው፤ የሚነበበውም ክቡ ሲዞር ብቻ ነው።

የዚህ ጥበብ አባቶች ከሚባሉት መካከል የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ፒየር ዣኬ ድሮ፣ ልጁ ሄንሪ ሉዊና ባልደረባቸው ዣን ፍሬዴሪክ ሌሾ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1774 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳዩዋቸው ሦስት አሻንጉሊቶች ጸሐፊው፣ ሠዓሊውና ሙዚቀኛዋ ናቸው። ጸሐፊው እስከ 40 ፊደል የሚደርስ፣ እንደ ፈቃድ የሚለወጥ ቃል ይጽፋል፤ ሙዚቀኛዋ የኦርጋኑን ቁልፎች በገዛ ጣቶቿ እየተጫነች ትጫወታለች፤ ሠዓሊውም በወረቀቱ ላይ የቀረውን የእርሳስ ብናኝ እፍ ይላል። እነዚህ አሻንጉሊቶች በብዙ አገር ከዞሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. በ75,000 የወርቅ ፍራንክ ተገዝተው ወደ ነሻቴል ተመለሱ። ቤተ መዘክሩም ለጎብኚ የሚያንቀሳቅሳቸው በተወሰነ ቀን ብቻ ነው።

ይህ ቁጥብነት ለአነስተኛው የአሻንጉሊት ቤተ መዘክር ትልቅ ትምህርት ነው። የትንሹ ቤት መተዳደሪያ የመግቢያ ትኬት ነው፤ ጎብኚው ትኬት የሚገዛውም አሻንጉሊቱ ሲንቀሳቀስ ለማየት ነው። ነገር ግን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመዘውሩ ጥርስ ይበላል፤ የወናፉ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ያረጀው የሐር ልብስ ከመገጣጠሚያው ጋር እየታሸ ይቀደዳል። በሌላ በኩል ለዘለዓለም ጸጥ ብሎ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ ዘይቱ ይረጋል፤ አጠቃቀሙን የሚያውቀው ሰውም አንድ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ጠባቂው ቤቱን የሚያኖረው ገቢና ገቢውን የሚያመጣው አሻንጉሊት እርስ በርሳቸው በሚጣሉበት ቦታ ላይ ቆሟል።

ለዚህ ችግር ፍጹም መፍትሔ የለውም፤ ልከኛ አሠራር ግን አለው። ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ፣ በታወቀ ሰዓት ይንቀሳቀሱ፤ የቀሩት በፊልም ይታዩ። ትርኢቱ ሲያበቃ ሞላው ተወጥሮ አይደር። ሐሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ አይብለጥ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴና ጥገና በመዝገብ ይስፈር፤ የተለወጠ ብሎን እንኳ ቢሆን ሳይጣል ስም ተጽፎለት ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ አንድ ወጣት ከአረጋዊው ሰዓት ሠሪ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ያስለምድ።

የፊላዴልፊያው ባለሙያ ያን የተቃጠለ ብረት እንደ ቁርጥራጭ ቆጥሮት ቢሆን ኖሮ፣ ወይም መልኩን ብቻ አሳምሮ በመስተዋት ውስጥ አቁሞት ቢሆን ኖሮ፣ የማያርዴ ስም ከነሐሱ ጋር ተቀብሮ በቀረ ነበር። በየቤተ መዘክሩ ጓዳ ቆመው ከቀሩት አሻንጉሊቶች መካከልም ገና ያልተናገሩ ይኖሩ ይሆናል። የጠባቂው ኃላፊነት እስኪናገሩ ድረስ ማቆየት፣ በሚናገሩበትም ጊዜ የሚያዳምጥና የሚጽፍ ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።