ለልጃችን ሰርግ ማን ይዝፈን?

በማኅበራችን የታኅሣሥ ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ ሰርግ ሙዚቃ ተናገሪ» ስትለኝ ሳቅሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከበሮ እንኳ በወጉ አልመታም። ነገር ግን የብድር መዝገቡ እኔ ዘንድ ስላለ አውቃ ነው ያዘዘችኝ። ጥር እየመጣ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ድረስ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች የሰርግ ቀናት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ሦስት አባላት ለልጆቻቸው ሰርግ ብድር ጠይቀዋል። ማመልከቻዎቻቸውን ሳይ ሥጋው፣ መጠጡ፣ ድንኳኑ፣ ልብሱ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ሙዚቃው ግን በሦስቱም ላይ «ለሙዚቃና ለልዩ ልዩ» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል። ያ መስመር ደግሞ ከሥጋው ቀጥሎ ትልቁ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚል ቃል የሒሳብ ሠራተኛን እንቅልፍ ይነሳል።

በሌላ ሰው ቤት ከምናገር የራሴን ላውራ። እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትሸጥ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር እሷ መከተል አልቻለችም፤ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። ታናሽ እህቴ በ2015 ጥር ስታገባ የእናቴ እቁብ ወጣላትና ለምግቡ ዋለ። ለሙዚቃው ዲጄ ይበቃል ብለን ነበር። አንድ የአጎታችን ልጅ ግን «ባንድ የሌለበት ሰርግ ለቅሶ ይመስላል» አለ። ይህች ንግግር እናቴ ልብ ውስጥ ገባች። 60 ሺህ ብር ከዘመድ ተበድራ ስድስት ሰው ያለው ባንድ ተያዘ። ግማሹን በቀብድ ላክን። ወረቀት አልተጻፈም፤ የተስማማነው በስልክ ነው።

በሰርጉ ቀን 7 ሰዓት ይመጣሉ የተባሉት 9 ሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንድ ኪቦርድ የሚጫወት፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክል ልጅ። ዘፋኙም ቪዲዮውን አይተን የመረጥነው አልነበረም። ሌሎቹስ ስንል ታመዋል ተባልን። እናቴ «በሰርግ ቀን ክርክር አይነሳም» ብላ ቀሪውን ከፈለች። 11 ሰዓት ሲሆን ዕቃቸውን ሰበሰቡ፤ ለካ በዚያው ቀን ሌላ ሰርግ ይዘዋል። እህቴ ወልዳ ልጇ መዳህ ሲጀምር እኛ አሁንም በየወሩ 4 ሺህ ብር የባንዱን ዕዳ እንከፍል ነበር። ያለቀው በ15ኛው ወር፣ ሚያዝያ 2016 ላይ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ስለ ሙዚቃ ስንነጋገር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ባንድ ወይስ ዲጄ?» ብለን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ነው የሚመጣው?» የሚለው ይመስለኛል። የእኛ እንግዳ ማን እንደሆነ አስቡት። በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ሄዱ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግረን ቡና የምንጠጣባቸው ቤቶች ዛሬ የሉም። እነዚያ ሰዎች የሚገናኙት ወይ ለቅሶ ላይ ነው ወይ ሰርግ ላይ። ለቅሶ ላይ እንደ ልብ አይወራም። ሰርግ ላይ ደግሞ ተናፋቂዎቹ ተቃቅፈው ተሳስመው ከተቀመጡ በኋላ የሰው ቁመት የሚያክል ድምፅ ማጉያ አጠገባቸው ይጮሃል። ባለፈው ዓመት በአንድ አዳራሽ ሁለት አሮጊቶች እርስ በርሳቸው በምልክት ሲነጋገሩ አየሁ። አንደኛዋ ቆይታ ተስፋ ቆረጠችና ዝም ብላ እጇን ያዘቻት።

ስለዚህ ምሳ ሲበላ ድምፁ ዝቅ ይበል። ክራር፣ ዋሽንት፣ ያለ ዘፋኝ የተቀዳ የድሮ ሙዚቃ ይበቃል። ለዚህ ባንድ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክና አንድ ድምፅ ማጉያ ይሠራዋል። ባንድ ተከፍሎት ሰው እንጀራ ሲቆርስ የሚዘፍንበት ሰዓት ከሒሳብ አንጻር ካየነው የባከነ ነው።

ሰርግ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ጠዋት ሙሽራይቱ ቤት የሚዘፍኑት ሴቶች ናቸው። ሚዜዎቹ ሲመጡ በር ላይ ያለው ግብግብና ግጥም የቤተሰብ ነው። ለዚህ ማንም ተከፍሎት አያውቅም፤ ከሁሉም የሚደምቀው ግን እሱ ነው። ሙያ የሚጠይቀው ከኬኩ በኋላ ያለው ጭፈራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ጥሩ ዲጄ ለእኛ አቅም ይበቃል ባይ ነኝ፤ ዘፈኖቹ ቀድመው ከተመረጡለት። ካልተመረጡለት እሱ የሚወደውን ይጫወታል። የሙሽራው ዘመዶች ከወልቂጤ መጥተው አንድ የጉራጊኛ ዘፈን ሳይሰሙ 11 ሰዓት የሆነበት ሰርግ አውቃለሁ። የመጣችው አክስት ስታወጣው ብላ ነጠላዋን በወገቧ አስራ ነው የዋለችው። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይቀመጥና የጉራጊኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው፣ የጎንደሩ፣ የወሎው በወረቀት ይጻፍ። ለዲጄው ከሳምንት በፊት ይሰጠው።

ሃይማኖትም አለ። በተክሊል የሚጋቡ ልጆች የንስሐ አባታቸውን ሳያማክሩ ዘፋኝ መያዝ የለብንም፤ ከቀብድ በኋላ «መዝሙር ብቻ ይሁን» ከተባለ ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። ሙስሊም እህቶቻችን ኒካው ላይ መንዙማና ነሺዳ ይኑር ሲሉ፣ ፕሮቴስታንት እህቶቻችን የመዘምራን ቡድን ይምጣ ሲሉ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ይጠየቁ። እናቶች ይህን እንደማትወዱት አውቃለሁ።

ስለ አዝማሪ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ከሁሉ የምፈራውም እሱን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይጨነቅ፣ ዕቃ ጫኝ መኪና አይፈልግ። የእንግዳውን ፊት አይቶ እዚያው ግጥም ይገጥማል። እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ ይቀበላል። ሰፈራችንም ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቲያትር እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ማሲንቆና ክራር መድረክ ላይ ወጥተው የተከበሩበት ቤት ነው። ግን አዝማሪ ለአምስት መቶ ሰው አዳራሽ አይሆንም። ቦታው መልስ ነው። ሠላሳ አርባ ሰው፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ጠጅ፤ እዚያ ያምርበታል።

የምፈራው ለምን መሰላችሁ? አዝማሪ የማያውቀው ቤት ውስጥ በድፍረት ይገባል። በአንድ መልስ ላይ አዝማሪው ከሙሽራይቱ አጠገብ የተቀመጡትን ሰው አባቷ መስለውት ዕድሜና ጤና እየተመኘ አሳምሮ ዘፈነላቸው። የተቀመጡት አጎቷ ነበሩ። አባቷ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ልጅቱ ተነስታ ወጣች፤ ሚዜዎቹ ተከተሏት፤ ምሽቱም እዚያው አበቃ። አዝማሪው ላይ አልፈርድም፤ የነገረው ሰው አልነበረም። ቀድሞ ይጠራ፣ ቡና ይጠጣ፣ ይነገረው፤ ማን አርፏል፣ ማን ከማን ተለያይቷል፣ የማን ስም አይነሳ፣ በማን ቁመትና በማን ኪስ አይቀለድ።

ሁለተኛው ሽልማቱ ነው። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ደስ ይላል፤ እኔም ለጥፌአለሁ። ግን ከአራብሳ ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣች እናት ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የመመለሻዋ ነው። አዝማሪው ፊቷ ቆሞ በስሟ እየዘፈነ ሲጠብቃት ምን ታድርግ? አንዷ እጅ ልታጠብ ብላ ስትወጣ አይቻለሁ። ወደ እሷ ዞሮ ሲመጣ ደግማ ስትወጣም አይቻለሁ። ከአዝማሪው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ «ሽልማቱ ለኔ ስለሆነ ቀንሼ እሠራለሁ» ካለ ልዩነቱን የሚከፍሉት እንግዶቻችሁ ናቸው። እኔ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ «ያልጠራህ ሰው ፊት አትቁም» ማለትን እመርጣለሁ። ሽልማት ከሌለ ሞቅ አይልም ካላችሁ ቤተሰቡ ራሱ አሥር አሥር ብር ዘርዝሮ ለሚዜዎች ያድል።

ውል ላይ አጭር ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ነው ሙያዬ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ «ያኔ የት ነበርሽ?» አለችኝ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ዲፕሎማዬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያም ሆኖ እጥፉን ለመጠየቅ ቀብድ መቀበሉን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስንት ሰው፣ የትኛው ዘፋኝ፣ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ስንት ሰዓት ይወጣል፣ በዚያ ቀን ሌላ ሰርግ ይዟል ወይ፣ ሰው ቢጎድል ስንት ይቀነሳል፣ የዕቃ ማጓጓዣውን ማን ይችላል፣ ዋጋው 15 በመቶ ቫቱን ጨምሮ ነው ወይ። አዳራሽ የምትከራዩ ደግሞ ከውጭ ዲጄ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነና ጄኔሬተር መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ድንኳን በሰፈር የምትጥሉ፣ አጠገባችሁ የታመመ ወይም ሐዘን ያለበት ቤት ካለ ድምፅ ማጉያው ወዴት እንደሚዞር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህን እኔ አላስተምራችሁም።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ልጄ የምታገባው አንዴ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ነበር። ቃላቸውን ማቃለል አልፈልግም። ዕድሜ ልኩን በሰው ድግስ ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው አንድ ቀን በራሱ ደጅ ሲጨበጨብ ማየት ይፈልጋል። እናቴም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለሰርግ የሚሰጠው ብድር ይከልከል የሚለውን የአንዳንዶቻችሁን ሐሳብ አልደግፍም። ብንከለክል ከሌላ ቦታ በባሰ ወለድ ይበደራሉ። የምጠይቀው «ልዩ ልዩ» የሚለው መስመር ቀርቶ ለሙዚቃው የተፈረመ ውል ከማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ ነው። ያለ ውሉ የሙዚቃው ገንዘብ አይለቀቅ።

ከዚህ ጋር አንድ ሐሳብ አለኝ። ዕድሮቻችን ድንኳንና ድስት ገዝተው ለአባል በርካሽ እንደሚያከራዩት ሁሉ እኛም ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማደባለቂያ፣ ሁለት ማይክሮፎንና አነስተኛ ጄኔሬተር ብንገዛስ? ከልጆቻችን መካከል ይህን የሚችሉ አሉ፤ በአንድ ሰርግ የቀን አበላቸውን እንከፍላቸዋለን። ከመርካቶ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ፤ ከዚያ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ንግግሬ በመጽሔታችን እንደሚወጣ ስለተነገረኝ ለሚደግፉን ወገኖችም በግልጽ ልናገር፤ ይህ ግዢ የሚታሰበው ከአባላት መዋጮ ነው፤ ለሥልጠናና ለመነሻ ካፒታል ከተሰጠን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አይነካም።

የእህቴን ሰርግ ሳልጨርስ ነው የተውኩት። ባንዱ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አዳራሹ ጭር አለ። ያኔ የእናቴ የአትክልት ተራ ጓደኞች፣ ከጠዋት ጀምሮ ከበሮ ይዘው ተራ የሚሰጣቸው ያጡ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነሱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የዘፈኑት፤ ከዚያ የአዳራሹ ሰዓት አለቀ። ቪዲዮውን ስናይ እናቴ ባንዱን በሪሞት ታሳልፈዋለች።

ከበሮው አሁን እኛ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፤ ማኅበሩ እንዲገለገልበት ሰጥተውናል። ቆዳው ግን ላልቷል፣ ጠፍሩም አንድ ቦታ ተበጥሷል። ከጥምቀት በፊት የሚያድስ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ቡናው ሲቀርብ ንገሩኝ።