በርሜሉን ከመክሰስ በፊት

እሷ፦ ጥይት ዒላማው ላይ ሲበታተን ብዙ ሰው በርሜሉን ይከስሳል፤ እኔ ግን ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሰደፉ ነው እላለሁ። የአሜሪካ ማሪን ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 የታጠቀው ኤም 40 የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ሰደፉ እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ የቬትናምን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል፤ በርሜሉን በገፋው ቁጥር የተስተካከለው ማነጣጠሪያ ይዛነፋል። በ1970ዎቹ የተተካው ኤም 40 ኤ 1 ሰደፉ ፋይበርግላስ የሆነው ለዚህ ነው።

እሱ፦ ፋይበርግላስ ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። የጠመንጃው ብረት ሰደፉ ውስጥ ልክ ካልተቀመጠ ብሎኑ ሲጠብቅ ይጎብጣል፤ በየተኩሱም ቦታውን ይለውጣል። በደንብ የተቀመጠበት እንጨት ርካሹን ፕላስቲክ ያስከነዳል።

እሷ፦ እቀበላለሁ። እንዲያውም ከምርጫው አቀማመጡ ይበልጣል። በብረቱና በሰደፉ መካከል ያለው ክፍተት በኢፖክሲ ይሞላል፤ ብረቱ አስቀድሞ ማላቀቂያ ካልተቀባ ግን እዚያው ተጣብቆ መቅረቱ ነው! በርሜሉም ሰደፉን ባይነካ ይመረጣል፤ በመካከላቸው ወረቀት ያለችግር ማለፍ አለበት።

እሱ፦ አንዳንዱ ቀጭን በርሜል እኮ ከሥሩ ትንሽ ሲደገፍ ይሻለዋል።

እሷ፦ ድጋፉ በሙቀትና በእርጥበት የማይለዋወጥ ከሆነ፣ አዎ። አድማጮች፣ አዲስ ሰደፍ ከመግዛታችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡና የአሮጌውን ብሎኖች ፈትሹ።