የትዳር ገመና ከሕግ በላይ አይደለም
(በምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ላይ የሴቶችን መብት አስመልክቶ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎች በአደባባይ ከማያነሡት ጉዳይ እጀምራለሁ። የሚስቱን የወሊድ መከላከያ ክኒን አውጥቶ የሚጥል፣ ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ የሚከለክል፣ “ካልወለድሽ” እያለ ዱላ የሚያነሣ ባል በየሰፈራችን አለ። ጎረቤት ይሰማል፤ “የባልና የሚስት ጉዳይ ነው” ብሎ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551፣ እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ ወይም የእናቲቱን ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ በሕክምና ማቋረጥ አያስቀጣም ይላል። ለመደፈሯም የሴቲቱ ቃል በቂ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን “ከጋብቻ ውጭ” በሚል ቃል ወሰነው። ስለዚህ በገዛ ቤቷ ተገዳ ያረገዘች ሚስት “ተደፈርኩ” ብትል ሕጉ አይሰማትም። ባዳ ቢያደርገው ወንጀል የሚሆነው ድርጊት፣ ባል ሲፈጽመው በዝምታ ይታለፋል።

“ይህ ትዳርን ያፈርሳል” የሚሉ ወገኖች አሉ። እምነታቸውን እናከብራለን፤ ማንንም ሴት እርግዝና አቋርጪ አንልም። ትዳርን የሚያፈርሰው ግን ዱላው እንጂ ሕጉ አይደለም። በር የተዘጋባት ሴት ሐሳቧን አትለውጥም፤ ሕይወቷን ወደሚያሳጣት ስውር ቦታ ትሄዳለች።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ፡-

1. “ከጋብቻ ውጭ” የሚለው ሐረግ ከአንቀጽ 620 እንዲወጣ የማሻሻያ ረቂቅ ያቀርባል፤

2. ፍርድ ቤት ደብዳቢውን ከቤት የሚያርቅ የጥበቃ ትእዛዝ በፍጥነት እንዲሰጥ የሚያስችል ሕግ ያወጣል፤

3. የወሊድ መከላከያም ሆነ ሕጉ የፈቀደው አገልግሎት በየጤና ጣቢያው በሚስጥር፣ ያለ ባል ፈቃድ እንዲሰጥ ያደርጋል፤

4. ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው በየክልሉ መጠለያ ያቋቁማል።

እህቶቼ፣ የምርጫ ካርዳችሁን ማንም ሊነጥቃችሁ አይችልም። ድምፅ የምትሰጡት ብቻችሁን ገብታችሁ ነው፤ የመረጣችሁትን ባልም ሆነ ካድሬ አያይም። ገመና ተብሎ የታፈነውን ጩኸት በዚያች ወረቀት አሰሙ።