ከሐዋሳ ስንወጣ የሚናፍቁን ምግብ ቤቶች

(በማኅበራችን የዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ የስንብት ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ጠዋት ሰምታችኋል። ይህ ሰዓት የተሰጠን ለስንብት ነው። በቤታችን የሥራ ዝውውር ስለመጣ ከሐምሌ ጀምሮ ኑሯችን አዳማ ይሆናል። «እኛ» ስንል በቢሮ የሒሳብ ክፍሉን፣ በቤት ደግሞ አራት ነፍስ ማለታችን ነው።

መሄዳችን ከተሰማ ወዲህ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከሐዋሳ ምን ይናፍቃችኋል?» ይለናል። ሐይቁን እንድንጠራ ይጠብቃል። ሐይቁማ ይናፍቀናል። ነገር ግን አንድ ማታ አራታችንም ተቀምጠን ስንቆጥር ያወጣነው ዝርዝር የምግብ ቤት ዝርዝር ሆነ። ትልልቆቹ ሆቴሎች አልገቡበትም። የገቡት በራፋቸው ላይ ስም ያልተጻፈባቸው፣ ባለቤቷ ራሷ ድስቱ ላይ የምትቆምባቸው ቤቶች ናቸው። ዛሬ ስለ አራቱ እንናገራለን። የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ግን ጣዕሙን አመስግነን ብቻ አንወርድም፤ ጣዕሙን ማን እንደሚከፍልበትም እንናገራለን።

የመጀመሪያው ቤት አሞራ ገደል ነው። ጀልባዎቹ ማልደው ሲመለሱ ቆሮሶውም አምባዛውም እዚያው ዳርቻ ላይ ይራገፋል። ልጆቹ በስለታም ቢላ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳዎቹም እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ሥጋው ለጥብስና ለጉላሽ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ የሾርባ ነው። የእኛ ደንበኛ ሾርባውን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ታፈላዋለች፤ ዳጣውን ለብቻው፣ ዳቦውን ከጎኑ ታደርጋለች። በቤታችን ጉንፋን የያዘው ልጅ እዚያ ተወስዶ ነው የሚያልበው።

ይህች እናት ዓሣ ሲወደድ ዋጋ አትጨምርም። ሾርባውንም አታቀጥንም። «ሰው ለምዶኝ እንዴት ብዬ?» ትላለች። ታዲያ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ያወጣነው ነው እንጂ የማንም አባል ሒሳብ አይደለም። በቀን 3,000 ብር ሸጠች እንበል። ዓሣው 1,500፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱና ቅመሙ 550፣ ከሰሉ 300፣ ኪራዩ ለቀን ሲካፈል 200 ብር። ድምሩ 2,550 ነው፤ 450 ብር ይቀራል። «450 አተረፍኩ» ብላ ትገባለች። እኛ ደግሞ እስክሪብቶ ይዘን እንጠይቃታለን፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት የቆሙበትስ? ከትምህርት ቤት መልስ ሳህን ያጠበችው ልጅዎስ? አሥራ አምስት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ነው፤ የልጅቷ ድካም ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ያ 450 ብር ትርፍ አይደለም፤ የሁለት ሰው የድካም ዋጋ ነው። ዓሣው በ300 ብር ሲጨምር የቀረው 150 ብቻ ይሆናል። እኛ ዋጋው ሳይጨምር ያንኑ ሾርባ ጠጥተን «እግዜር ይስጥልን» ብለን እንሄዳለን። የጭማሪውን 300 ብር የከፈለችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ቤት ከገበያው ጀርባ ያለው የቡርሳሜ ቤት ነው። ቡርሳሜ ከእንሰት የሚገኘው ዋሳ በቅቤ ታሽቶ፣ ከወተት ጋር የሚቀርብ የሲዳማ ምግብ መሆኑን ለእናንተ አንነግራችሁም፤ ለእንግዶቻችን ያህል ነው። በፊቼ ጫምባላላ ዋዜማ የሚበላውም ይኸው ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ምግቡን የሚሠሩት እጆች ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም። እንሰቱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል፤ ከዚያ ነው ዋሳ የሚሆነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሴቷ እጅ ነው። የቅቤው ልክ በዓይኗ፣ የእሳቱ ልክ በጆሮዋ ነው።

የቤቱ ጥንካሬ ይህ ነው፤ ድካሙም ይኸው ነው። አምና ባለቤቷ ለሦስት ሳምንት ታመመች። ድስቱን የሚያነሣ ሌላ እጅ ስላልነበረ በሩ ተዘጋ። ኪራዩ ግን አልታመመም፤ መቁጠሩን ቀጠለ። የተገዛው ወተት ተበላሸ። ደንበኛውም ሰው ነው፤ ሲርበው ሌላ በር አንኳኳ። ድና ስትመለስ ከዜሮ ሳይሆን ከዕዳ ጀመረች። በቅድሙ ምሳሌ ብናሰላው የ21 ቀን ኪራይ 4,200 ብር ነው። ያን ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ ከአንድ ቦታ ቢገኝ ኖሮ፣ አንዲት ሴት ከሕመም አልጋ ተነሥታ ብድር ፍለጋ ባልሄደች ነበር።

ሦስተኛው ቤት በኢንዱስትሪ ፓርኩ መንገድ ላይ ያለው ቁርስ ቤት ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች ሠፈሩን ሞሉት። ጭጭብሳውና ፉሉ ለፈረቃ ሰዓት መድረስ ስላለበት ይህች እህታችን እሳት የምታነደው ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ልጆቹ ደመወዝ እስኪገባ በዱቤ ይበላሉ፤ ዱቤው በደብተር ይያዛል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ ከፓርኩ ሥራ የቀነሰም፣ ለቆ የሄደም ኩባንያ ነበር። ከሥራ የወጡት ልጆች ወደየቤተሰባቸው ሲመለሱ ዱቤው ደብተሩ ላይ ቀረ። ክፋት አልነበረም፤ የሚከፈል አልነበረም። እሷም ደብተሩን አልቀደደችውም። ከአንድ ዓመት በኋላ አንዷ ልጅ ከትውልድ ቀበሌዋ በቴሌብር 340 ብር ላከችላት። ያን ቀን ደብተሩን ለእኛ ይዛ መጥታ ያንን መስመር አብረን ሰረዝነው። የቀሩት መስመሮች ግን ዛሬም አሉ። ከዋሽንግተን የተሰማ ውሳኔ መጨረሻው የአንዲት ሴት የዱቤ ደብተር እንደሚሆን ያየነው እዚያ ነው።

አራተኛው ቤት አሁን የለም። በጾም ወራት በያይነቱ የምንበላበት ነበር። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱ በአንድ ትሪ ይመጣል፤ እንጀራው ሲያልቅ ሳይጠየቅ ይጨመራል። ሰባት ዓመት የሠራችው በቃል ስምምነት ነበር። ቤቱ ሲደምቅ አከራዩ ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረገው። የጽሑፍ ውል አልነበራትም፤ ስለዚህ የምትከራከርበት ወረቀትም አልነበራትም። በአሥራ አምስት ቀን ዕቃዋን አወጣች። ዛሬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ሥራ አልፈታችም፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን ለሰባት ዓመት ያፈራችው ደንበኛ የት እንደገባች አያውቅም። እኛም ባለፈው ጾም የሄድነው ትዝታውን ብለን እንጂ ቤቱን አግኝተን አይደለም።

እንግዲህ አራቱንም ስናስተያይ አንድ ነገር እናያለን። የምንወዳቸው ቤቶች የሚጣፍጡት ሁሉም ነገር በአንዲት ሴት እጅ ስለሆነ ነው። የሚዘጉትም በዚያው ምክንያት ነው። እጇን መተካት አንችልም። ከእጇ ላይ ያለውን ሸክም ግን ማካፈል እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ለአባላት አራት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ በደብተራችሁ ላይ ከወጪ ሁሉ በፊት የራሳችሁን ደመወዝ ጻፉ። ትንሽም ቢሆን ይጻፍ። ያልተጻፈ ድካም ሲጠፋ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ለዱቤ ጣሪያ አድርጉለት። ዱቤ መከልከል በእኛ አገር ነውር እንደሚመስል እናውቃለን፤ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ግን ነውር የለውም። ሦስተኛ፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን። አከራዩ ዘመድ ቢሆንም፣ የክርስትና ልጅ ቢያገናኛችሁም፣ በጽሑፍ ይሁን። አራተኛ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ። አንዷ የሌላዋን ድስት ትወቅ። ስትታመም በሩ እንዲከፈት፣ ጣዕሙ ትንሽ ቢለይም ጭሱ እንዲታይ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ምጣድ ሰጥታችሁናል፣ ማቀዝቀዣ ሰጥታችሁናል፤ በንብረት መዝገባችን ላይ እያንዳንዱ አለ፣ እናመሰግናለን። ድስት የሰጠ ሰው ፎቶ የሚነሣበት ዕቃ ያገኛል። ኪራይ የሸፈነ ሰው ግን የሚያሳየው ነገር የለውም፤ የሚያገኘው ያልተዘጋ በር ብቻ ነው። ዛሬ ከሻይ በኋላ ድምፅ የሚሰጥበት የሕመም ጊዜ መጠባበቂያ ሐሳብ ይኸው ነው። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ ከናንተ የምንጠይቀው መነሻውን ነው። የታመመች አባል ኪራይ ለአንድ ወር ይሸፈንላታል። ከዚያ ያለፈው በኮሚቴው ይታያል። ሐሳቡ ዛሬ ካለፈ ለተተኪያችን የምናስረክበው መዝገብ አንድ አዲስ ገጽ ይኖረዋል። የመጀመሪያውን መዋጮ እኛ ከመሄዳችን በፊት እዚያ ገጽ ላይ እንጽፋለን።

በዚህ ስብሰባ ውስጥ ከሦስቱ ቤቶች ባለቤቶች የተቀመጣችሁ አላችሁ። ስማችሁን ያልጠራነው ስለምታፍሩ ነው። ለእኛ ቤት ያበሰላችሁትን ሁሉ ከፍለናል ብንል ውሸት ነው፤ ሒሳቡን ዛሬ ራሳችን ሠርተን አሳይተናችኋል።

የሐዋሳ ነዋሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ነገ ቁርስ ስትበሉ ከትልቁ በር አልፋችሁ ወደ ትንሹ ግቡ። በእጃችሁ ክፈሉ። «ዛሬ ተቀመጪ፣ እኔ ላቅርብ» የምትል ሴት ልጅ ካለቻችሁ ይዛችኋት ሂዱ።

አዳማ ለምትመጡ ቤታችን ክፍት ነው። ዳጣ ይዛችሁ ኑ።