ሽማግሌ የሸፈነውን የትኛው መዝገብ ይገልጠዋል?

(መካነ ሰላም ላይ ከተደረገ ንግግር)



ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ፍርዱ 25 ዓመት መሆኑ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሲሰማ አገር ጮኸ። ‹‹ሕጉ ይጥበቅ!›› ተባለ። ደፋሪዎች በመዝገብ ይያዙ የሚለውም ሐሳብ አብሮ ይነሳል። እኔም ጠበቃ ነኝና ይጥበቅ፣ ይመዝገቡ እላለሁ። ግን ለመሆኑ ማን ሊመዘገብ ነው?

ሕጉን እንየው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። ጉድ አትሉም? ይህ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት አያድንም ይላል። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ደግሞ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል። 25 የተፈረደበትም ቢሆን ጠባዩን ካሳመረ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ፣ ማለትም በ16 ዓመት ከ8 ወር፣ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ወጥቶስ? ሌላ አገር ሄዶ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ቢቀጠር ማን ያውቅበታል? መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ በሕጋቸው አስገብተውታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጅቷ ከዓባይ አፋፍ ተነስታ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ቀኑ ይመሻል፤ ልብሷ ታጥቧል፣ ማስረጃው ጠፍቷል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት ለተወለደች የገጠር ልጅ ዕድሜዋን የሚመሰክር ወረቀት ከየት ይመጣል? በዚህ መሐል ሽማግሌ ከተፍ ይላል። ‹‹ካሳ ተቀበሉ፤ አለዚያም ትዳርለት›› ይላል። አባት እሺ ይላል፣ ምስክር አፉን ይይዛል፣ ክሱ ይዘጋል። እንግዲህ ያልተፈረደበትን ሰው በየትኛው መዝገብ ልትጽፉት ነው?

እርቅ ክቡር ነው። ለድንበርም ለደምም አስታርቁ፤ እጅ እንነሳለን። በልጅ ገላ ላይ ግን ካሳ የሚቆርጥ፣ ሽማግሌ አይባልም!

ለሕግ አውጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሐኪም፣ ሴት መርማሪና መጓጓዣ ሳትመድቡ መዝገብ ብቻ ብታውጁ ነገሩ ‹‹እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው›› ነው። መዝገቡም አደባባይ አይለጠፍ። በትንሽ ከተማ የደፋሪው ስም ሲነበብ የልጅቷም ይታወቃል። አሜሪካኖች ለሕዝብ ያሳያሉ፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሕግ ፖሊስ ዘንድ እንዲያዝ አደረጉ። ለእኛ የእንግሊዞቹ ይሻላል። ልጆች ያሉበት መሥሪያ ቤት ሰው ከመቅጠሩ በፊት ይጠይቅ፣ ፖሊስም ይመልስ።

ወገኖቼ! አዋጁ እስኪወጣ አንጠብቅ። ነገ እናንተ ቤት ሽማግሌ ሲላክ ‹‹ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው›› ብላችሁ መልሱት። የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር የሚጻፈው ያን ቀን ነው።