የምኑ? ስንት? በመካነ ኢየሱስ ከተማረኝ አንድ ተማሪ ስለ እፍጋትና ስለ ሞል



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የራሴ ስሕተት ነው። በ1988 ዓ.ም. ገና ወጣት መምህር ሳለሁ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከእስቴ ገጠሮች፣ ከፊሎቹም ከስማዳና ከጋይንት ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመጡ ነበሩ። በአንድ ፈተና ላይ፣ «እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.4 ግራም የሆነ 5 ሊትር ማር መጠነ ቁሱ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

አያሌዎቹ 5000ን ለ1.4 አካፍለው «3571 ግራም» ሲሉ መለሱ። ቀመሩን በትክክል ጽፈው ስለ ነበር ከ5 ነጥብ 2 ሰጠኋቸው። አንድ የስማዳ ልጅ ግን «7 ኪሎ» ብሎ ብቻ ጻፈ፤ ዜሮ ሰጠሁት። ሊያመለክት በመጣ ጊዜ፣ «ቀመሩ የታለ?» አልሁት። «ጋሼ፣ ማሩን ለገበያ የምሸከመው እኔ ነኝ። የአምስት ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ሰባት ኪሎ ነው» አለኝ። ዜሮውን አላነሣሁለትም። ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ማር ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ይዘቅጣል፤ ከውሃ ይልቅ የታፈገ ነውና። እንግዲያስ 5 ሊትር ማር ከ5 ኪሎ ግራም ሊያንስ አይችልም። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ተማሪ «3571» የሚለው ቁጥር ገና ከብዕሩ ሳይወጣ ይጠራጠረዋል። አሃዶቹም ይመሰክሩለታል። 5000 ሚሊ ሊትር በ1.4 ግራም በሚሊ ሊትር ሲባዛ፣ ሚሊ ሊትሩ ተጣፍቶ 7000 ግራም ይቀራል። ቢያካፍል ግን የሚያገኘው አሃድ ግራም አይደለም።

ይህን ስል ቀመር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የልጁ ትከሻ መጠነ ቁስን ያውቃል፤ ሞልን ግን ትከሻ አይመዝነውም። «በዚያ ጀሪካን ውስጥ ስንት ሞል ማር አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ማር ድብልቅ ስለ ሆነ የራሱ የሆነ አንድ ሞለኪውል የለውም። በቅድሚያ «የምኑ ሞል?» ማለት ይገባል። ከማር መጠነ ቁስ 70 በመቶ ያህሉ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው እንበል፤ ከ7000 ግራሙ 4900 ግራም ማለት ነው። የሁለቱም ሞለኪውል 6 የካርቦን፣ 12 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። 72፣ 12 እና 96 ሲደመሩ በሞል 180 ግራም ይሆናል። 4900 ለ180 ሲካፈል ደግሞ 27 ሞል ያህል እናገኛለን። በእያንዳንዱ ሞል 6.022 × 10²³ ሞለኪውሎች አሉ።

«የምኑ?» የሚለው ጥያቄ ገበያ ውስጥም ዋጋ አለው። ማር ላይ ውሃ የጨመረ ነጋዴን እፍጋቱ ያጋልጠዋል፤ ቁጥሩ ይወርዳልና። ስኳር አፍልቶ፣ አወፍሮ የቀላቀለውን ግን ላያጋልጠው ይችላል፤ የወፈረ የስኳር ሽሮፕም 1.4 ሊደርስ ስለሚችል ነው። እፍጋት ቁሱ ምን ያህል እንደ ታፈገ እንጂ ምን እንደ ሆነ በራሱ አይነግረንም።

ከዚያ ልጅ የተማርሁትን ዘግይቼም ቢሆን በሥራ አውዬዋለሁ። ዛሬ ፈተናዬ ላይ ከስሌቱ በፊት አንድ መስመር አስጽፋለሁ፦ «መልሱ ከስንት አያንስም? ከስንትስ አይበልጥም?» ለእርሷም ነጥብ እሰጣለሁ። ባልደረቦቼን የምለምነው፣ ቀመር የሌለውን ትክክለኛ መልስ ከመሰረዛችሁ በፊት ተማሪውን «ከየት አወቅኸው?» «ከየት አወቅሽው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። እኔ «ቀመሩ የታለ?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት።